መሰላሉን የፈሩት መምህር

በኢራዋዲ ወንዝ ዳር፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ከሰዓት በኋላ፣ መምህር ኡ ቶቢታ ከወጣቱ መነኩሴ ከኡ ዛዋና ጋር ድንገት ተገናኙ። ሽማግሌው የቡድሃን ቃል በቃላቸው ይዘው ሲያስተምሩ ያረጁ ናቸው፤ ወጣቱ ግን በመቃብር ስፍራ ተቀምጦ እስትንፋሱን ከማዳመጥ በቀር ሌላ ትምህርት አይወድም።

«ወዴት ነው መምህር?»

«ዓሣ አጥማጁ ታውን ሽዌ እያጣጣረ ነው። እንደ ልማዴ በምሰሶ ላይ ከተሠራው ቤቱ ሥር ቆሜ አነብለታለሁ። ቃሉ በወለሉ ሾልኮ ይደርሰዋል።»

«ለምን ወደ ላይ አይወጡም?»

ኡ ቶቢታ ፊታቸውን አዞሩ። ስለ ሞት ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ሰው፣ ሰው ሲሞት አይተው አያውቁም፤ ይፈራሉ።

«ቃሉ ንጹሕ ከሆነ የአንባቢው መቆሚያ ምን ያደርጋል?» አሉ ኮስተር ብለው።

«ይቅር ይበሉኝና፣ ዋናን በወሬ ተምረው ዳር የቆሙ መሰሉኝ።»

«አንተስ? እንደ መቃብር ውሻ ከመዞር በቀር አንዲት አንቀጽ ታውቃለህ?»

ወጣቱ ሳቀና ተከተላቸው።

ከቤቱ እንደ ደረሱ የታውን ሽዌ ጩኸት ከላይ ተሰማ። «ዓሦቹ! አፋቸውን ከፍተው መጡብኝ!»

ሚስቱ ማ ኪን ዬ ከመሰላሉ ሥር ተደፋች። «መምህር፣ በዚህ ድንጋጤ ከሞተ ዳግም ልደቱ የት ይሆናል? ይውጡልኝ!»

ኡ ዛዋና ቀድሞ ወጣና የበሽተኛውን እጅ ይዞ በጸጥታ ተቀመጠ።

«ዝምታህ ገደለኝ! አንድ ነገር በለኝ እንጂ!» አለ ታውን ሽዌ።

ወጣቱ ወደ መሰላሉ ዘወር አለ። በመቃብር መካከል ያልፈራውን ሰው አሁን ላብ አጠመቀው። «መምህር፣ ይድረሱልኝ! ቃል የለኝም!»

ሽማግሌው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወጡ። የሚሞተውን ሰው ዓይን ሲያዩ የተማሩት ሁሉ ከአእምሯቸው በነነ።

«ጠፋኝ!» አሉ።

«እግሩን ይያዙት። ከእሱ ጋር ይተንፍሱ» አለ ወጣቱ።

«መነኩሴ ሆኜ የምእመን እግር? እኔ?»

«እርስዎ።»

ያዙት፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሲተነፍስ ተነፈሱ። ቀስ በቀስም በውኃና በየብስ ለሚኖር ፍጥረት ሁሉ ሰላምን የሚመኘው ቃል በአንደበታቸው ተመለሰ።

«ለዓሦቹም?» አለ ታውን ሽዌ።

«ለዓሦቹም፣ ለአንተም፣ ልጄ።»

ፊቱ ረጋ። ሳይመሽም አረፈ።

ሲወርዱ ኡ ቶቢታ ወደ ወጣቱ ዞሩ። «ልክ ነበርህ፤ ቃሉን ጠበቅሁት እንጂ አልኖርሁበትም» አሉ።

«እኔም ባዶ እጄን ነበርሁ፤ ነገ ከተማሪዎችዎ ጋር ያስቀምጡኝ።»

እውነትም ትምህርት ያለ ኑሮ በጭንቅ ቀን ይሰወራል፤ ኑሮም ያለ ትምህርት ለተጨነቀ ወንድም የሚያካፍለው ያጣል። ሁለቱን ያስማማ ግን ራሱ ይጸናል፤ ሌላውንም ያጸናል።

ከዚያ ክረምት ወዲህ በዚያ መንደር ከቤት ሥር ቆሞ የሚያነብ መነኩሴ አልታየም።