ከፍሎ መምረጥ

ዝናብ ድንገት ቢይዘኝ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ዘንድ ገባሁ። አስተማሪዋ የወንድሙ ልጅ ፊቱ ቆማ ትሟገተዋለች።

ይህችን የሥራ ክፍል ከአባታቸው የወረሷት ጫማ ሰፊውና ታናሽ ወንድሙ፣ የልጅቷ አባት፣ ናቸው። በጣውላ ሲከፍሏት ታላቁ ከፈለ፤ ታላቁ አስቀድሞ መረጠ። የቤታቸው ወግ ነው። ታናሹ ጥቂት ሠርቶ አንድ ቀን መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ታላቁ ለብቻው ይሰፋል፣ ለብቻው ይበላል፤ ሲያስነጥሰው ይማርህ የሚለው የለም።

«ሰፊውን ወገን የሰጠሁት ለእሱ ነው!» አለ ታላቁ። «ከዚህ ወዲያ ሥጋዬን ቆርጬ ልስጠው?»

«መስኮቱስ በማን በኩል ቀረ፣ አጎቴ?»

«በእኔ።»

«የአባቴ ዓይን ደካማ ነው። በእርስዎ ሚዛን የእሱ ይበልጣል፤ በእሱ ሚዛን ጨለማ ደረሰው።»

«አፍ የለውም? አይናገርም?»

«ታላቁ ከመረጠ በኋላ ምን ብሎ?»

ወስፌውን አስቀመጠ። «እና ምን ላድርግ?»

«እንደገና ይክፈሉ። መምረጡን ግን ለእሱ ይተዉለት።»

«ጉድ! በሽበቴ የታናሼን ትራፊ ልልቀም?» ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ፣ ፍረድ እንጂ!»

«እኔን ዝናብ ነው ያስገባኝ» አልኩት።

እሷ ሳቀች። «የቱም ቢደርስዎ እንዳይቆጭዎት አድርገው ከከፈሉ እኮ ትራፊ የሚባል የለም።»

ጣውላውን ከላይ እስከ ታች አየው። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፤ እኔ ግን አልወጣሁም።

በማግሥቱ ጣውላውን ሲነቅል ሰማሁና ሄድኩ። ከመስኮቱ መሐል ጀምሮ በጠመኔ ያሰምራል፣ ያጠፋል። የበሩ ወገን ደንበኛ ይስባል ብሎ መደርደሪያ ያለበትን ሌላውን ወገን በስንዝር አሰፋ። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ተቀምጦ ጫማውን ወደ ብርሃን ያነሳል። ዕድሜውን ሙሉ በወንድሙ ቦታ ተቀምጦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከሰዓት ታናሹ በልጁ ተጠርቶ መጣ። ዞር ዞር ብሎ አየና በመደርደሪያው በኩል ቆመ። «ይሄ።»

«ይሁን» አለ ታላቁ። ፊቱን አየሁት፤ አልከፋውም።

የሚከፍል ሰው ራሱ ከመረጠ፣ ቸር ቢሆን እንኳ አይታመንም። መምረጡን ሲለቅ ግን ያለ ዳኛ እጁ ይስተካከላል፤ የመረጠውም የሚያማርርበት ሰው አያገኝም። መሬትም ሆነ ክፍል፣ የሥራ ተራም ሆነ ውኃ የምትጋሩ፣ ሞክሩት።

ጣውላው ገና ሳይመለስ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ብዙ ሠሩ። ልወጣ ስነሳ ታናሹ ሳይዞር፣ «ወንድም ጋሼ፣ ጥቁር ክር አለህ?» አለ።

ታላቁ ሊያቀብለው ተነሳ። ወደ ወንበሩ ቶሎ አልተመለሰም።