የሸረፈዲን ጣቶች

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ… አዎ፣ ጥበቡ ነኝ። ሰዓት ሠሪው… የወታደር ባጅ የሚሰበስበውም እኔው ነኝ። ሁለት ጥበቡ የለም፤ አንዱንም ደሴ አልቻለችው… ማን አልሽኝ? ሰልዋ… ከኮምቦልቻ። እህ፣ ጧት በቴሌግራም ፎቶ የላክሽልኝ አንቺ ነሽ እንዴ!

— አየሁት እንጂ። አውራ ጣትሽን አየሁት። ጤነኛ ጣት ነው፤ ባጁ ግን ከሥሩ ተደብቋል… ሳቂ፣ ሳቂ፣ ችግር የለም። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚልኩልኝ።

— ሁለተኛ ልከሻል? ቆይ መነጽሬን ላድርግ። አባይነሽ፣ ያቺን ሬዲዮ እስቲ ቀነስ አድርጊያት፣ ሰው እያናገረኝ ነው… ባለቤቴ ናት። ዛሬ ደሴን ጉም ውጧታል፤ ከሱቄ በር ማዶ ያለው ሰው አይታይም። ደንበኛ ስለሌለ ቁጭ ብለን ሬዲዮ እንሰማለን… እናንተ ጋ ፀሐይ ነው? አይ ኮምቦልቻ! እኛ እዚህ ደመና ውስጥ ተቀምጠን እናንተ ከታች ትሞቃላችሁ።

— እሺ፣ ይኸው አገኘሁት… ፊቱን ለጊዜው ተዪው። ፊቱን ያገኘው ሁሉ ይወለውለዋል፣ ይፍቀዋል። ጀርባውን ገልብጪና ንገሪኝ። መርፌ ነው ወይስ ብሎን?… ብሎን። የኮሌታ ነው እንግዲህ፣ አንገት ላይ የሚታሰር። አሁን ወደ ፊቱ መልሺው።

— የፍየል ቀንድ?… ማነው የፍየል ቀንድ ነው ያለው?… ወንድምሽ ሁዘይፋ። እስቲ በቀንዶቹ መሐል ምን አለ?… ዘንጎች። ስንት?… ቁጠሪያቸው፣ እኔ የትም አልሄድም… አራት። ከላይስ? ቀንዶቹን የሚያገናኝ ነገር… አለ።

— ኧ? አለሁ፣ አለሁ። ትሰሚኛለሽ? ፎቶውን አስፍቼ እያየሁት ነው። ልጄ፣ ይሄ ቀንድ አይደለም። ክራር ነው… አዎ፣ የሚመታው ክራር። ዘንግ ያልሽው ክሩ ነው። የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ነው ይሄን የሚያደርግ። ሠላሳ ዓመት ስሰበስብ የእግረኛ አለኝ፣ የመድፈኛ አለኝ፣ የታንከኛ አለኝ፤ ይሄን ግን በእጄ ይዤው አላውቅም። የማን ነው?

— የአባትሽ… ሸረፈዲን። መቼ ነው ያረፈው?… እና ሐሙስ የአርባው ሰደቃ ነው። አላህ ይዘንለት፣ አብሽሪ… አልቅሺ፣ እኔ እጠብቃለሁ።

— ማን ነው ስለ አባትሽ እንዲህ ያለው?… አንድ ሽማግሌ፣ ለቅሶው ላይ፣ በሰው ፊት? «በደርግ ጊዜ ከረሻኞቹ ጋር ቆሞ አይቼዋለሁ» ብሎ… ሁዘይፋም ይህን ሰምቶ «ሐሙስ ቤቱ አልገኝም፣ ለነፍሰ ገዳይ ዱዓ አላደርግም» አለ… አንድ ወንድ ልጅ ነው? እና አንቺ ብቻሽን ልትቆሚ ነው። አባታችሁስ በሕይወቱ ምን ይል ነበር?… ምንም። «ወታደር ነበርኩ» ብሎ ዝም።

— አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንጎራጉር ነበር?… በጭራሽ። ሠርግ ላይስ?… ከበሮ ሲጀመር ወጥቶ ይሄድ ነበር… እህ። እጁስ? ቀኝ እጁን ነው የምልሽ… ዚክር? ያለ ሙስበሃ፣ ያለ መቁጠሪያ?… በጣቶቹ። ጉልበቱ ላይ፣ መሶቡ ላይ፣ ታሞ ተኝቶም አልጋው ላይ… በስንት ጣቱ ነበር?… በሦስት።

— ሰልዋ፣ እሱ ዚክር አይመስለኝም። አላህን አያወሳም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ልቡን የፈጠረው ያውቃል። ግን ትራምፔት ላይ፣ የባንዱ ጡሩምባ ላይ፣ ሦስት ቁልፎች አሉ። በቀኝ እጅ፣ በሦስት ጣት ነው የሚጫኑት… አዎ። አዎ ልጄ። እናንተ ዚክር ያላችሁት እሱ ሲጫወት ነው፣ ድምፅ ሳያሰማ።

— ቆይ፣ አትቸኩዪ። አልዋሽሽም። ሽማግሌው አይቶት ይሆናል። ባንዱ በታዘዘበት ሁሉ ይቆም ነበር፤ አባትሽም ቆሞ ይሆናል፣ ያየውንም አይቶ ይሆናል። ግን ይህን ኮሌታው ላይ ያሰረ ሰው የሚይዘው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ባጅ ይህን ያህል ነው የሚናገረው፤ ሌላውን እኔ ከኪሴ አልጨምርበትም።

— እኔ?… ለምን እንደምሰበስብ? አይ፣ እሱ ረጅም ነው… እሺ። በሰባ ዓመተ ምህረት፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ አግማስ ሚሊሻ ተብሎ ሲጫን ልሸኘው ወጣሁ። እንደ ዛሬው ጉም ነበር። መኪናው አይታይ፣ ሰው አይታይ፣ ባንዱ ብቻ ይሰማል። መኪኖቹ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ሲንቀሳቀሱ ባንዱ አቆመ። አንድ ጡሩምባ ግን አላቆመም። ማርሹን ትቶ ሌላ ነገር ጀመረ፤ ዝግ ያለ፣ ልጅ የሚያስተኙበት ዓይነት። ረጅም… አጭር፣ አጭር… ረጅም… ከዚያ እንደ መተንፈስ ይልና እንደገና። በመጨረሻ ጥፊ ሰማሁ፤ ጡሩምባው ተቋረጠ። የነፋውን ሰው አላየሁትም።

— አልተመለሰም። አግማስ አልተመለሰም። የሱን ባጅ አገኝ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ የምን ክፍል እንዳደረጉት እንኳ ሳላውቅ። አሁን ሰዓት ስፈታ ያ ጡሩምባ ይመጣብኛል። አባይነሽ ሕልም ነው ትለኛለች። እኔም ሕልም ሳይሆን አይቀርም ማለት ጀምሬአለሁ።

— ምን አልሽ?… ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ አልሰማሁሽም… ሁዘይፋ? አሁን?… ጀርባውን ሰጥቶሽ ተቀምጦ፣ ጠረጴዛውን እየመታ… በሦስት ጣት። እሱንስ ማን አስተማረው?… አባታችሁ ጀርባውን እንዲህ እየነካካ ነበር የሚያስተኛው… ዝም በይ። አትንገሪው። ጠረጴዛው የምንድን ነው?… ቆርቆሮ። ስልኩን ቀስ ብለሽ እላዩ ላይ አኑሪልኝ። አባይነሽ፣ ሬዲዮውን አጥፊው። አጥፊው በናትሽ!

— …

— ረጅም… አጭር፣ አጭር… ረጅም…

— …

— እንደገና። አባይነሽ፣ ነይ። ነይ፣ ጆሮሽን እዚህ አድርጊ… ሰማሽ? ሰማሽ አይደል? ሕልም አልነበረም!

— ሄሎ? ማነው?… ሁዘይፋ። ለምን አቆምክ ልጄ?… ምን እያደረግክ እንደነበር አታውቅም? እኔ አውቀዋለሁ፣ አርባ ስንት ዓመት ተሸክሜው ኖሬአለሁ… አይ፣ አላለቀስኩም። እሺ፣ አልቅሻለሁ። ሰልዋ ሁሉንም ትነግርሃለች። አንተ ይህን ብቻ ስማኝ። አንድ ሰው በጥፊ ተመትቶ እስኪያቆም ድረስ በጡሩምባው ወንድሜን ሸኝቶልኛል። አባትህ ይሁን ሌላ፣ አልምልልህም። ዜማውን ግን ያንተ እጅ ያውቀዋል።

— ሐሙስ እመጣለሁ… ለሰደቃው ነዋ። ባጁን ልወስድ አይደለም፤ እሱ የቤታችሁ ነው። ቤቱን አላውቀውም፣ መናኸሪያ መጥተህ ተቀበለኝ… አይ፣ ሰልዋ አይሆንም። አንተ ነህ የምትመጣ። ሸረፈዲን ለእንግዳው ደጅ የሚቆም ልጅ የለውም እንዴ?

— ሦስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ… እ? ድገምልኝ… እሺ አልከኝ። አንተን ያቆይልን።

— እንዴት እለይዎታለሁ አልክ?… እኔ እለይሃለሁ። እጅህን ነው የማየው… በል ደህና ዋል።

— ዘጋው። አባይነሽ፣ ሬዲዮውን ገና አትክፈቺው።