በፎቶው ላይ የወደቀው ጥላ

የምስክር ቃል

ስም፦ አዲስዓለም ተገኝ
ዕድሜ፦ 26
ዜግነት፦ ኢትዮጵያዊት
ሥራ፦ የባዮኬሚስትሪ የማስተርስ ተማሪ፤ በሳምንት ሁለት ቀን በአረጋውያን መንከባከቢያ ረዳት
አድራሻ፦ ፍራንክፈርት አም ማይን፣ ፕሮይንገስሃይም
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ ማርች 17 ቀን 2010 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 9፡30 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ኮሚሳር ኡልሪከ ሀን
አስተርጓሚና ጸሐፊ፦ ወ/ሮ ለተኪዳን በርሀ

ምስክሯ ጀርመንኛ የምትችል ቢሆንም ቃሏን በአማርኛ ልስጥ ብላ በመጠየቋ እንደሚከተለው ተጽፏል።

እሑድ ማርች 14 ቀን 2010 ከቀኑ 13፡40 ሰዓት ላይ፣ ጉባኤያችን ኒድ በሚባል ሰፈር በሚከራየው አዳራሽ፣ ከጸሎት ዓይኔን ስገልጥ ፓስፖርቴ በአቶ በሪሁን ሙሌ እጅ ላይ ነበር። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው ያነቡ ነበር። አቶ በሪሁን ዕድሜያቸው 58 ገደማ ሲሆን የጉባኤው ሽማግሌና የእጮኛዬ የኢማኑኤል አጎት ናቸው።

ፓስፖርቱ እንዴት እጃቸው እንደገባ ስለተጠየቅሁ የማውቀውን እገልጻለሁ። በጉባኤያችን ለጸሎት ወደ ፊት የሚወጣ ሰው ቦርሳውን ይዞ አይወጣም። ይዞ መውጣት ወንድሞችንና እህቶችን እንደመጠርጠር ስለሚቆጠር ወንበር ላይ ይተወዋል ወይም አጠገቡ ላለ ሰው ይሰጣል። እኔም ቦርሳዬን ለጓደኛዬ ለመሲ ጸጋይ ሰጥቼ ወጣሁ። ዓይኔን ጨፍኜ የቆየሁት ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ፓስፖርቴን ከቤት የማልተወው ባቡር ላይ ቁጥጥር ሲመጣ ከሙሉው ፉርጎ መታወቂያ የምጠየቀው ብዙ ጊዜ እኔ ስለሆንኩ ነው። ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

የመኖሪያ ፈቃዴ የተለጠፈው በዚያው ፓስፖርት ውስጥ ሲሆን የሚያበቃው ማርች 20 ቀን ነው። ለማሳደስ ቴርሚኔ፣ ማለትም ቀጠሮዬ፣ ነገ ሐሙስ ከጠዋቱ 8፡30 ሰዓት ነው። አቶ በሪሁን ይህን ያውቃሉ። በዚያው እሑድ ጠዋት ለቴርሚኔ እንዲጸለይልኝ በጸሎት ርእስ ወረቀት ላይ ስሜን አስጽፌ ነበር። ወረቀቱን ለጉባኤው ያነበቡት እሳቸው ናቸው።

ከሠላሳ በላይ ሰው በተቀመጠበት፣ “ይህ የዱባይ ማኅተም ነው?” ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። “ከማን ጋር ነው የሄድሽው?” አሉኝ። ብቻዬን ነው አልኩ። ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አንድ ፎቶ አውጥተው ወደ ሰዉ አዞሩና፣ “ታዲያ ይሄ ማነው?” አሉ።

ፎቶውን አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው። ጫማዬን አውልቄ ባሕር አጠገብ ቆሜያለሁ። ከእግሬ አጠገብ አሸዋው ላይ የወንድ ጥላ ወድቋል። ጥላው ረጅም ነው፣ ኮፍያ አድርጓል፣ ሁለት ክርኖቹ እንደ እንስራ ጆሮ ወደ ጎን ወጥተዋል። ክርኖቹ የወጡት ካሜራ ስለያዘ ነው።

“አስጎብኚው ነው፤ ፎቶ እያነሳኝ ነው” አልኩ።

“ስንት ሰው ነው የሚያስጎበኘው?”

“እኔን ብቻ።”

“ለአንድ ሰው አስጎብኚ! ሚኒስትር ነሽ እንዴ?”

ሰው ሳቀ። ከሳቁት መካከል የኢማኑኤልን ሳቅ ለይቼ ሰማሁ። አቶ በሪሁን ቀጥለው፣ “ልጄ፣ ሰው የሌለው ጥላ የለም። የሐበሻ ሴት ዱባይ የምትሄደው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ሰው ቤት ለመሥራት ነው። ሁለተኛውን ልጆች ስላሉ አልናገረውም” አሉ። ከጉብኝት ድርጅቱ የተላከልኝን ማረጋገጫ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። የእንግዶች ቁጥር አንድ ይላል። “ወረቀት ማን ያቅተዋል?” ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያም ፓስፖርቴን ከፎቶው ጋር ባለ ዚፑ የመጽሐፍ ቅዱስ ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡና፣ “ሰውዬው ማን እንደሆነ ተናግረሽ ንስሐ እስክትገቢ እኛ ጋ ይቆያል፤ እንጸልይበታለን” ብለው ዚፑን ዘጉት። እጄን ስዘረጋ ሁለት ወንድሞች በመካከላችን ቆሙ። ማንም አልነካኝም፤ እኔም ማንንም አልነካሁም።

ለምን ወደ ዱባይ እንደሄድኩ በአዳራሹ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እዚህ ስለተጠየቅሁ እገልጻለሁ። እናቴ ወ/ሮ ዘመናይ ገሰሰ ከ1996 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ዱባይ ውስጥ ጁመይራ በሚባል ሰፈር በአንድ ቤት በሠራተኛነት አገልግላለች። የተማርኩት በእሷ ደመወዝ ነው። በ2008 አርፋለች። በስምንት ዓመት ውስጥ ከተማዋን አላየችም። ልብስ ከምታሰጣበት ጣሪያ ላይ የአንድ መስጊድ ሁለት ሚናራዎች ይታዩዋት ነበር። ባሕሩ አይታይም፤ ሽታው ግን ይመጣል። ወደ አገር ቤት ስትመለስ ጎረቤት “ዱባይ እንዴት ናት?” እያለ ሲጠይቃት በቴሌቪዥን ያየችውን ትነግራቸው ነበር። ይህን ለእኔ የነገረችኝ ልትሞት ስትል ነው።

ኢማኑኤልን አብረን እንሂድ ብዬው ነበር። ሳይጋቡ አብሮ መጓዝ በጉባኤያችን አይፈቀድም ብሎ እምቢ አለኝ። መሲ ደግሞ አየር ማረፊያ የሥራ ተራ (ሺሽት) ነበራት። ስለዚህ የአንድ ቀን ጉብኝት ከመኪናና ከአስጎብኚ ጋር ለራሴ ብቻ ያዝኩ። ከብዙ ሰው ጋር በአውቶቡስ የሚሄደውን ያልመረጥኩት አውቶቡሱ እናቴ በነበረችበት ሰፈር ስለማይቆም ነው።

ሐሙስ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ከጠዋቱ 8፡45 ሰዓት ላይ ዴይራ ሰፈር ባረፍኩበት ሆቴል መግቢያ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አስጎብኚው አቶ ያቁብ የሚባሉ ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው የፓኪስታን ሰው ናቸው። በአጠገቤ ሁለት ጊዜ አልፈው ሄዱ። በሦስተኛው ቆም ብለው፣ “ማዳምሽ የት ናት?” አሉኝ። ማዳም እኔ ነኝ አልኳቸው። ወረቀታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። ቀኑን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቁኝ ዋሉ። ከአቶ በሪሁን ጋር የሚለያዩት በዚህ ነው።

9፡20 ላይ በጀልባ ወንዝ መሰሉን የባሕር ክንድ ተሻገርን። በጀልባዋ ውስጥ ወደ ሥራ የሚሄዱ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ ማንም ማንንም አያይም። 10፡00 ላይ ጁመይራ መስጊዱ ጋ ደረስን። ሚናራዎቹ ሁለት ናቸው። ከኋላው ያሉትን መንገዶች በእግሬ ልሂድ አልኩ። አቶ ያቁብ ሰዓታቸውን አይተው፣ “ሚስ፣ ይህ በፕሮግራሙ የለም” አሉኝ። ፕሮግራሙ የእኔ ነው አልኳቸው። መኪናውን እያዘገሙ ከኋላዬ ተከተሉኝ። እናቴ ሰማያዊ የብረት በር ትል ነበር። ሰማያዊ በር አሥራ አንድ ቆጠርኩ።

በአንደኛው በር አንዲት ልጅ ቆሻሻ ልትጥል ወጣች። አይታኝ በአማርኛ፣ “ሐበሻ ነሽ?” አለች። አዎ አልኳት።

“ማን ቤት ነው ያለሽው?”

“ማንም ቤት አይደለሁም። ልጎበኝ ነው የመጣሁት።”

“ምኑን?” ብላ ሳቀች። ከኋላዬ የቆመውን መኪና ስታይ ሳቋን አቆመች። ባሕሩን አይተሽዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። “አንዴ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ስናደርስ፣ በመኪና” አለች። ከውስጥ ተጠራች። ስሟን ሳልጠይቃት በሩ ተዘጋ። ዛሬ ስለዚያ ቀን የምጸጸትበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

13፡00 ላይ ምሳ በላሁ። አቶ ያቁብን አብረን እንብላ አልኳቸው፤ ከእንግዳ ጋር መቀመጥ እንደማይፈቀድላቸው ገልጸው መኪና ውስጥ በሉ። ምግብ ቤቱ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ሁለተኛ ሳህን አነሳ። ከሰዓት በኋላ ሙዚየምና ገበያ አየሁ። በየደረስንበት አንድ ፎቶ ማንሳት የድርጅቱ አሠራር ስለሆነ ሰባት ፎቶ አነሱኝ። 17፡50 ላይ ባሕሩ ጋ ደረስን። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ዝቅ ብላ ስለነበር፣ ፊቴ ላይ ብርሃን እንዳይጠፋ ብለው እሳቸው በውሃው በኩል ቆሙ። ጥላቸው እግሬ አጠገብ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው። “ፈገግ ይበሉ ሚስ፣ ቤተሰብዎ ያዩታል” አሉኝ። ካሜራዬን መልሰው መኪናው ጋ ሄዱ። እኔ ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገብቼ ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ነበር። ምንም አልሆነም፤ ባሕር ነበር። ከእናቴ በቀር የምነግረው ሰው አልነበረኝም። 18፡40 ላይ ሆቴሌ አደረሱኝ። ከዚያ እስከ ማግስቱ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም።

ፎቶውን አሳጥቤ ለመሲ የሰጠኋት ቅዳሜ ማርች 6 ቀን ኖርድኤንድ ካፌ ተቀምጠን ነው። ጀርባው ላይ በእጄ፣ “ለመሲ፦ እናቴ ያላየችው ባሕር” ብዬ ቀኑን ጽፌያለሁ። በአዳራሹ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያገላበጠው ሰው የለም።

እሑድ 16፡10 ላይ መሲ ደወለችልኝ። “ለአንቺው ብዬ ነው። ጋሽ በሪሁን ፎቶውንም ቦርሳዋንም አምጪ ሲሉኝ እምቢ ልበላቸው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። “አንቺ ይቀልሻል፣ አጎት የለሽ፣ እናት የለሽ” አለችና ማልቀስ ጀመረች። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ማክሰኞ 19፡00 ሰዓት ላይ ኢማኑኤል ፕሮይንገስሃይም ቤቴ ድረስ መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ ያለኝ የሚከተለው ነው። “አዲሴ፣ አንድ ቃል ነው። ነበረ፣ ተሳስቻለሁ በይና ይለቅ። ሐሙስ ቴርሚንሽ ላይ ትደርሻለሽ። እኔ እንደሆነ ይቅር ብዬሻለሁ።” ምኑን ነው ይቅር ያልከኝ ብዬ ጠየቅሁት። ብቻዬን መሆኔን አንተ ታውቃለህ፣ ለምን አብረህ ሳቅህ አልኩት። “ከሰው ጋር ከነበርሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ብቻሽን ከነበርሽ ግን እምቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ” አለ። በዚህ ጉዳይ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። ቀለበቱን አውልቄ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ።

ዛሬ ከጠዋቱ 7፡15 ላይ አቶ በሪሁን ራሳቸው ደወሉ። “ገመናችንን ለፈረንጅ ፖሊስ ልትዘረግፊ ነው አሉ። ተይ። ዛሬ ማታ ቤት ነይ፣ ሁለት ቃል ትናገሪያለሽ፣ ፓስፖርትሽን ትወስጃለሽ። እኔ እኮ አባትሽ ነኝ” አሉኝ። ጋሽ በሪሁን፣ የአባቴ ስም ተገኝ ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ ተጽፏል፣ አንብበውታል አልኳቸው። ከዚያ በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ አንድ ቦታ አሳርሜያለሁ። ፓስፖርቱ በአቶ በሪሁን ዘንድ “በአደራ ተቀምጧል” ተብሎ ተጽፎ ነበር። አደራ የሚባለው ሰጪ ሲኖር ስለሆነ “ተወስዷል” በሚል እንዲስተካከል አድርጌያለሁ። የጉብኝቱን ማረጋገጫና የቀሩትን ስድስት ፎቶዎች አያይዣለሁ። ሰባተኛው ከፓስፖርቴ ጋር በዚፕ ተዘግቶበት ይገኛል፤ ሲገኝ ጀርባው እንዲነበብ እጠይቃለሁ።

ነገ 8፡30 ላይ ፓስፖርቴ ቢመለስም ባይመለስም ቴርሚኔ ላይ የዚህን ቃል ቅጂ ይዤ እቀርባለሁ። ማን እንደሆንኩና ፓስፖርቴ የት እንዳለ በውስጡ ስላለ ለጊዜው መታወቂያዬ ይህ ነው።

ከላይ የሰፈረው ያየሁት፣ የሰማሁትና የሆንኩት ነው። የጨመርኩት የለም፤ ያስቀረሁትም የለም። ለመማለድ ብሎ የሚመጣ ሽማግሌ ካለ ይህን አንብቦ ይምጣ። ለጸሎት ዓይኔን ስጨፍን ቦርሳዬ እንዲከፈት ከእንግዲህ አልቀበልም። ባልሠራሁት ይቅር መባልን አልቀበልም። አንዲት ሴት ብቻዋን ባሕር ለማየት ሄደች ሲባል ስለ ጥላው እንጂ ስለ ሴትዮዋ የማይጠይቅ ጉባኤ ውስጥ፣ ብቻዬን ላለመሆን ብዬ መቀመጥን ከእንግዲህ አልቀበልም።

የምስክሯ ፊርማ፦ አዲስዓለም ተገኝ
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ለተኪዳን በርሀ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ኡ. ሀን
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ 11፡55