ከጎረቤት ጣሪያ የመጣ መዝሙር

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ካርቲየ 1 ወደሚባለው ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። ሁለቱም ሰው ቤት ይሠራሉ።

«ወንድምሽ ደወለ?» አሉ ትልቋ።

«አልደወለም፣ እትዬ። በጀልባ ወደ የመን ከተነሳ ሦስት ሳምንቱ። መጸለይም አቃተኝ።»

«እኔም ልጄ የሞተ ጊዜ እንደዚያ ነበርኩ። ማዳም ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣሁ አለቅሳለሁ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከሙቀቱ የተነሳ ከተማው ሁሉ ሲተኛ፣ ከጎረቤት ጣሪያ መዝሙር ሰማሁ። በአማርኛ።»

«ማን ናት?»

«አላየኋትም። ያሰጣችው አንሶላ ጋርዷታል። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ትዘምራለች። እግዜር በእሷ አፍ ‹አለሁ› የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።»

«አላገኟትም ታዲያ?»

«ላመሰግናት ብሄድ አገሯ ገብታለች። መዝሙሩን የጀመረችው የባሏን መርዶ በሰማች ሳምንት ነው አሉኝ።»

ልጅቷ ወደ ትልቋ ዞረች።

«አሁን በዚያ ሰዓት የምዘምረው እኔ ነኝ» አሉ ትልቋ። «ድምፄ ባያምርም።»

«እኔ የምሠራበት ቤት ጣሪያ ድረስ ይሰማል?»

«ከነገ ጀምሮ ጮክ እላለሁ።»

መውረጃዬ እስኪደርስ ድረስ በመስኮቱ ጣሪያ ለጣሪያ የተሰጣውን ልብስ ሳይ ቆየሁ።