ብይ ለቃሚዋ ወይዘሮ አለም ተስፋጽዮን

ክቡራን ካህናት፣ የእድራችን አባላት፣ ፀሐዩ ሳይበግራችሁ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወገኖች፤ እግራችሁ እንደዛለ እናውቃለንና ቃላችንን እናሳጥራለን።

ወይዘሮ አለም ከአባታቸው ከአቶ ተስፋጽዮን ባራኺና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ገብሩ በ1933 ዓ.ም. በዓዲግራት ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ አባታቸው በማረፋቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው አዲስ አበባ አክስታቸው ዘንድ መጡ። በልብስ ስፌት እየሠሩ ሳለም ከሰዓት ሠሪው ከአቶ ግርማይ ጋር ተዋውቀው በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ አንድ ልጃቸውን ኣክሊሉን ወልደው፣ ያኔ እርሻ ወደነበረው ወደ ገርጂ ተሻግረው ቤት ሠሩ።

በ1984 ዓ.ም. ክረምት አቶ ግርማይን ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸው ሲከዳ፣ አንደበታቸውም ሲታሰር፣ ልጃቸው በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዱ ስለነበር ወይዘሮ አለም የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ብቻቸውን አስታማሚ ሆኑ። ማጠቡ፣ ማገላበጡ፣ ማጉረሱ ፋታ አልሰጣቸውም፤ ጎረቤት መጥቶ ሲያጫውታቸው እንኳ ቁጭ ባሉበት እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። አንድ ቀን የባለቤታቸውን የሥራ ሣጥን ሲያጸዱ፣ አቶ ግርማይ ከልጅነታቸው ያቆዩአቸውን ጥቂት የመስታወት ብዮች አገኙና ቢያሳዩአቸው፣ ወራት ሙሉ የጨለመው የሕመምተኛው ፊት ፈካ።

ከዚያ ወዲህ ከቆራሌውና ከሰፈሩ ልጆች አሮጌ ብይ በብስኩት እየለወጡ ይሰበስቡ ጀመር። ባለቤታቸው በደህናው ዘመን ያጫወቷቸውን እያስታወሱ፣ በሰዓት ሠሪ ማጉያ እያዩ ይለዩአቸው ነበር፦ በእጅ የተሠራው ብይ ከትኩስ የመስታወት ዘንግ የተቆረጠበት ሻካራ ጠባሳ አለው፤ የፋብሪካው ዙሪያውን ልሙጥ ነው፤ ጥለት የሌለው አረንጓዴው ደግሞ የድሮ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መክደኛ እንጂ መጫወቻ አልነበረም። ሲሳሳቱ አቶ ግርማይ በደህናው እጃቸው ክንዳቸውን መታ ያደርጓቸው ነበር። የባልና የሚስቱ ጨዋታ ይኸው ነበር።

ብዮቹን ከመስኮት ሥር በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ሲመለከቱ ያያቸው ሰው ግን «ወይዘሮ አለም ጠጠር ይጥላሉ፣ ይጠነቁላሉ» ብሎ አወራ፤ ወሬው እድር ደረሰ፤ ቤታቸው መግባት የተዉም ነበሩ። እርሳቸው ለመከራከር አቅም አልነበራቸውም።

ወሬውን የሰሙት ወይዘሮ ማስተዋል፣ ልጃቸው ከጦር ሜዳ ሳይመለስ የቀረባቸው እናት፣ ከየካ ድረስ በእግራቸው መጥተው «ይጣሉልኝና ይንገሩኝ፤ ልጄ አለ ወይስ የለም?» አሏቸው። ወይዘሮ አለም ግን «እኔ የማውቀው መስታወቱ እንዴት እንደተሠራ ብቻ ነው፤ የልጅዎን ነገር አላውቅም። ብዋሽዎ ዛሬ ይቀልዎታል፣ ነገ ግን ይብስብዎታል» ብለው መለሱላቸው። እንግዳዋ አልቅሰው ሲያበቁ አልሄዱም፤ ወይዘሮ አለም ሕመምተኛውን ሊያገላብጡ ሲነሡ በሌላው ወገን ያዙላቸው። ከዚያም መምጣቱን አላቋረጡም።

አቶ ግርማይ በ1988 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ይርቁ የነበሩት ጎረቤቶች መጥተው ድንኳን ተከሉ፤ ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም፣ ወይዘሮ አለምም አልጠበቁም። ቆራሌው ብይ ሲያመጣላቸው «ከእንግዲህ ለማን አሳያለሁ?» ብለው ሊመልሱት ሲሉ፣ ወይዘሮ ማስተዋል «ለእኔ ያሳዩኝ» ስላሏቸው ተቀበሉት።

ባደረባቸው የስኳር ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ኅዳር 17 ቀን 1991 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ልጃቸውን አቶ ኣክሊሉን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ረሆቦትንና ሀይሚን ትተው አልፈዋል። እህት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን በመጨረሻ ቃላቸው ባዘዙት መሠረት፣ በእህት ስፍራ ወይዘሮ ማስተዋልን እንጠራለን። አምላካችን የደከመች ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ የጠፋባቸውን ለሚጠብቁም እርሱ ራሱ እውነቱን ይንገራቸው። አሜን።