የወይዘሪት ልብስ

መተሐራ፣ ከሰዓት በኋላ፤ እንዳሻው በወባ ከሞተ ነገ አርባው ነው፤ በክፍሉ ውስጥ እናቱ ወይዘሮ ዘርፌ አካፋ ይዘው፣ የጋራዥ ባልደረባው ለሜሳ ደግሞ አንድ የመስታወት ሳጥን ከልሎ ቆመዋል።

ዘርፌ፦ ዞር በልልኝ አልኩህ። የሞተ ነገር ቤት ውስጥ አይውልም።

ለሜሳ፦ አልሞተችም እትዬ። አካፋውን ያስቀምጡት።

ዘርፌ፦ ከጠዋት ጀምራ በጀርባዋ ተንጋላለች። እግሮቿን ወደ ላይ ሰቅላለች። ከዚህ በላይ እንዴት ይሞታል?

ለሜሳ፦ ሸረሪት ስትሞት እግሯን ሆዷ ሥር ሰብስባ ነው። እንዲህ የምትንጋለለው ቆዳዋን ልትጥል ስትል ነው።

ዘርፌ፦ እንግዲያው ከነነፍሷ ውሰድልኝ። ነገ አገር ምድሩ ይመጣል። ለካህናቱ የማነጥፈው እዚህ ክፍል ነው። መዳፍ የምታህል ጸጉራም ሸረሪት ፊት ቁጭ ብለው ዝክር ይባርኩ?

ለሜሳ፦ አሁን ሳጥኑን ካነቃነቅነው ትሞታለች። ውስጧ ገና እንደ ቂጣ ሊጥ ነው።

ዘርፌ፦ እኔ ምን አገባኝ። ልጄ ምራት ያመጣልኛል ብዬ ስጠብቅ ከሸንኮራ ማሳ ሸረሪት ይዞልኝ መጣ። ስሟንም ወይዘሪት አላት። ጎረቤቱ ሁሉ “ወይዘሪት እንዴት ሰነበተች?” እያለ መሳቂያ አደረገኝ።

ለሜሳ፦ እኛም ጋራዥ ውስጥ እንጠይቀው ነበር። “በልታ ተኝታለች” ይለን ነበር፤ ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር ሳይታይ።

ዘርፌ፦ እሱማ እያሳቀ አይስቅም። በል ተወኝ አሁን። ሳጥኑን ውሰድ፤ ሚስማሩ ላይ ያለውን ጃኬት ግን እንዳትነካ።

ለሜሳ፦ ልብሱን ከአርባው በፊት ለችግረኛ ይስጡ ብለውዎት የለም እንዴ?

ዘርፌ፦ ተብያለሁ። የደብሩ ዘበኛም መጥቶ በር ላይ ቆሞ ቆሞ ሄዷል። ትከሻውን እስቲ ተመልከተው። የልጄ ትከሻ እንዳለ ነው። ክርኑ ጋ እንኳ እንደታጠፈ ነው። ይህን አውርጄ ለሰው ልስጥ?

ለሜሳ፦ እሺ፣ አልነካውም። ቆይ፣ ሳጥኑ ውስጥ ፌንጣ አለ።

ዘርፌ፦ የምን ፌንጣ?

ለሜሳ፦ በሕይወት ያለ ፌንጣ። ማን አስገባው?

ዘርፌ፦ በመስኮት ገብቶ ይሆናል።

ለሜሳ፦ ክዳኑን ከፍቶ ገባና መልሶ ዘጋው?

ዘርፌ፦ የመተሐራ ፌንጣ ምን የማያደርገው አለ።

ለሜሳ፦ እትዬ።

ዘርፌ፦ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ትኩሳቱ ሲያስቀባዥረው፣ “እማ፣ ወይዘሪት እንዳትራብ” አለኝ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። ታዲያ ምን ላድርግ? ሰው እንዳያየኝ ጓሮ እየወጣሁ በነጠላዬ አፍኜ እይዛለሁ። ሰሞኑን ግን አልበላ ብላኛለች።

ለሜሳ፦ ቆዳዋን ልትጥል ስትል አትበላም። አሁን ይሄ ፌንጣ ራሱ ሊበላት ይችላል፤ የምትከላከልበት ጉልበት የላትም። ወረንጦ አለዎት?

ዘርፌ፦ ትራሱ ሥር አለ፣ እሾህ የሚያወጣበት። ቆይ እኔው ላምጣው፤ አልጋውን ሌላ ሰው አይንካው። እንካ። ምነው፣ አትይዘውም እንዴ?

ለሜሳ፦ ይህን እሱ ነበር የሚያደርገው። የእኔ ሥራ ክዳን መያዝ ነበር።

ዘርፌ፦ እንግዲያው ክዳንህን ያዝ። ወረንጦውን ወዲህ በል። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ።

ለሜሳ፦ ቀስ ብለው። የተኛችበትን ድር እንዳይነኩት።

ዘርፌ፦ በስመ አብ። ና አንተ ሌባ። ና፣ ና። ያዝኩት።

ለሜሳ፦ እሱ እንኳ እንዲህ አይይዝም ነበር። አሁን ይቀመጡ፤ ቀስ እያለች ነው የምትወጣው።

ዘርፌ፦ ጎኗ ተሰነጠቀ እኮ። ደም የላትም?

ለሜሳ፦ አይደማትም። እግሮቿን ይዩልኝ፤ ከአሮጌው ውስጥ እየሳበቻቸው ነው።

ዘርፌ፦ እንዳሻው ልጅ ሆኖ ጠባብ ሹራብ ሳወልቀው እንዲሁ ነበር። ጭንቅላቱ ይያዝና ውስጥ ሆኖ ይጮሃል። “እጅህን ወደ ላይ አድርግ፤ አሁን ሳብ” እለዋለሁ።

ለሜሳ፦ ለእሷም ይንገሯት።

ዘርፌ፦ ሳብ። ሳብ የኔ ልጅ። አይዞህ።

ለሜሳ፦ ደህና እየወጣች ነው። ደረቅ ቢሆን ቆዳው ይይዛት ነበር፤ እግሯ ውስጥ ቀርቶ የምትሞትም አለች። በዚህ ሙቀት አፈሩን ምን አረጠበው?

ዘርፌ፦ ጠበል ነው።

ለሜሳ፦ ጠበል?

ዘርፌ፦ በየጠዋቱ ክፍሉን እረጫለሁ፤ ሳጥኑንም ጭምር።

ለሜሳ፦ እሷን ለማባረር? ያኖራት እኮ ጠበሉ ነው።

ዘርፌ፦ እሷን ለማባረር አይደለም።

ለሜሳ፦ ታዲያ ማንን?

ዘርፌ፦ ማታ ማታ ከዚህ ክፍል ይንኳኳል። እንደ ጥፍር ነው፣ ቀስ ብሎ። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ከእንቅልፌ ሳልነቃ “አቤት” አልኩ። ሌሊት፣ የጠራው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አቤት አይባልም፤ እናቴ በዚህ ቆንጥጣኛለች። አፌ ቀደመኝ። ምክንያቱም እንዳሻው ውሃ ሲጠማው ግድግዳውን እንዲያ ነበር የሚያንኳኳው። ለነፍስ አባቴ ብነግራቸው ጠበል እርጪ አሉኝ። ረጨሁ። በረጨሁ ቁጥር ደግሞ፣ ምናልባት እሱ ከሆነስ፣ ልጄን ከቤቱ እያባረርኩት እንደሆነስ እላለሁ።

ለሜሳ፦ እትዬ፣ ልንገርዎት ወይስ ልተወው?

ዘርፌ፦ ከጀመርክ ጨርሰው።

ለሜሳ፦ ወይዘሪት ናት። ሌሊት ሌሊት መስታወቱን ትቧጭራለች። “ስትቀሰቅሰኝ አደረች” እያለ ሲያዛጋ ነበር ሥራ የሚገባው።

ዘርፌ፦ እንዲያ ነው?

ለሜሳ፦ እንዲያ ነው።

ዘርፌ፦ አቤት ያልኩት ለሸረሪት ነዋ።

ለሜሳ፦ ባልነገርኩዎት ይሻል ነበር።

ዘርፌ፦ አንተ ምን አጠፋህ። ፀሐዩ ከግድግዳው ወረደ። ገና ናት?

ለሜሳ፦ ወጣች። ይኸው ተገለበጠች።

ዘርፌ፦ ሁለት ሆኑ እኮ። የትኛዋ ናት እሷ?

ለሜሳ፦ ያቺ ነጣ ያለችው።

ዘርፌ፦ ይህችስ? እግር አላት፣ ጥፍር አላት፣ ጸጉሯ እንኳ አልጎደለም።

ለሜሳ፦ ባዶ ናት። እፍ ቢሏት ትሄዳለች።

ዘርፌ፦ ስትወጣ ባላይ ኖሮ፣ እሷ ናት ብዬ ይህችን ነበር የምጠብቃት።

ለሜሳ፦ አሁን እስክትጠነክር ማንም እንዳይነካት። እንግዲህ እስካሁን እንደነበረችው አንድ ቦታ ዝም ብላ ትቆያለች።

ዘርፌ፦ እስካሁን እንዴት ነበረች?

ለሜሳ፦ ቀኗ ሲደርስ እንደ ድንጋይ ነው የምትሆነው። መብላት የለም፣ መንቀሳቀስ የለም።

ዘርፌ፦ እውነት ነው፣ ሰሞኑን ከዚያ ጥግ አልተነሳችም። ሌሊትስ?

ለሜሳ፦ ሌሊትም ያው ነው።

ዘርፌ፦ ትናንት ማታ ግን ተንኳኳ።

ለሜሳ፦ እርግጠኛ ነዎት?

ዘርፌ፦ ነቅቼ፣ ዳዊቴን ይዤ ተቀምጬ ነበር።

ለሜሳ፦ እትዬ፣ ቆዳውን ላውጣው?

ዘርፌ፦ አውጣው። ሚስማሩ ላይ ያለውንም ጃኬት አብረህ አውርድ። ስታልፍ ለዘበኛው ትሰጥልኛለህ።

ለሜሳ፦ እሷንስ? ስትጠነክር መጥቼ ልውሰዳት?

ዘርፌ፦ የትም አትሄድም። ለካህናቱ በረንዳው ላይ አነጥፋለሁ።

ለሜሳ፦ ዛሬ ማታም ከተንኳኳስ?

ዘርፌ፦ አቤት እላለሁ። ማን ነህ ብዬ አልጠይቅም።