የልብስ ሰፊው ፊርማ

ባለፈው ዓመት የሱሪዬን እግር ላሳጥር ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጎራ ባልኩበት ጠዋት የሰማሁትን ክርክር፣ ለአንባቢ ይጠቅማል ብዬ እነሆ ጻፍኩት። ሰፊው ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሰፍተዋል። ቁም ነገረኛ ናቸው፤ ጭቅጭቅ ግን አይወዱም። ሱሪዬን ዘርግተው በጠመኔ ሲያሰምሩ፣ ከጤና ጣቢያ የሌሊት ተረኛነት የተመለሰች ነርስ ጎረቤታችን ወረቀት ይዛ ገባች።

“ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? የኪራይ ሕጉ እንዲሻሻል ፊርማ እያሰባሰብን ነው። ቢፈርሙልን ብዬ ነው።”

“እግዜር ይመስገን ልጄ። ግን እኔን ተይኝ፤ የኔ ኪራይ በሕግ ተገድቧል። አንቺም ‘የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች’ እንዳይሉሽ ሄደሽ ተኚ።”

ነርሷ ሳቀች። “የኔማ አርሯል ጋሼ! ሕጉ የሚገድበው የድሮ ትልልቅ ፎቆችን ብቻ ነው። እኔ ያለሁበት ግቢ አምስት ቤተሰብ ብቻ ስለሆነ አከራዩ ባሻው ጊዜ ያሻውን ይጨምራል። ገደቡ ለሁሉም ይድረስ ነው የምንለው።”

“አከራይስ ሰው አይደለም? ጣሪያ ሲያፈስ በምን ሊያድስ ነው? እንዲህ ካጠበቃችሁት ነገ ቤት የሚሠራ አይገኝም።”

ይህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነውና እኔም ጆሮዬን አቀናሁ።

“ስጋትዎ ልክ ነው” አለች በትሕትና። “ስለዚህ ረቂቁ እንደ ኑሮው ውድነት በየዓመቱ መጠነኛ ጭማሪ ይፈቅዳል። ያደሰም በደረሰኝ አሳይቶ ይጨምራል። አዲስ ለሚሠራም ገደቡ የማይነካው የእፎይታ ዓመታት አሉት። የሚከለከለው ሰውን በአንድ ጀንበር የሚያፈናቅለው ጭማሪ ነው። ለመሆኑ የርስዎስ ገደብ አስተማማኝ ነው? የደረጃው መብራት ከተቃጠለ ስንት ወሩ?”

“ስድስት።”

“እርስዎ ሲለቁ ገደቡም ይለቃል። የሚተካዎት ሰው አከራዩ በጠራው ዋጋ ነው የሚገባው። ታዲያ መብራቱን ለማን ብሎ ይቀይር? ሰልችተው እንዲወጡለት ነዋ! ረቂቁ ገደቡን ከቤቱ ጋር ያስረዋል፤ ተከራይ ቢለዋወጥም አይነሳም።”

ሰፊው መቀሳቸውን አስቀመጡ። እኔ መምህር ነኝ፤ የልጃቸው ልጅ ዓመቱ ሳይጋመስ ከክፍሌ መቅረቷ ትዝ አለኝ።

“ትንሿ ማንበብ ጀምራልኝ ነበር። አሁን የት ትማራለች?” አልኳቸው።

“ኪራይ እየተጨመረባቸው በሁለት ዓመት ሦስተኛ ቤታቸው፣ ሦስተኛ ትምህርት ቤቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ‘አባባ፣ ጓደኛ ብይዝ ምን ያደርጋል፣ እንሄድ የለ?’ አለችኝ። እናቷን ‘ከአከራይ ጋር መግባባት አታውቂበትም’ እያልኩ ስወቅሳት ኖሬያለሁ። ለካ ሕግ ያልደረሰበት ቤት ሆኖባት ነው! በይ፣ ወረቀቱን ወዲህ በይው።”

በፊርማው አላበቁም። የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ሕዝቡን በሰማበት ቀን ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፤ ተራቸው ሲደርስም እንዲህ አሉ፦

“ከአንድ ጣቃ ለአንዱ ልጅ ሙሉ ልብስ፣ ለሌላው እጅጌ ብቻ ብሰፋ ወላጅ ይቀበለኛል? እኔ የለበስኩ ነኝ። ልጄ ግን በርዷታል።”

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

ከሦስት ወር ክርክር በኋላ ረቂቁ ጸደቀ። አከራዮች ለአዲስ ቤት የእፎይታውን ዘመን አስረዝመዋል፤ ያንን ያህል አጥተናል። ያገኘነው ግን ይበልጣል። ዘንድሮ ከክፍሌ በዓመቱ አጋማሽ የቀረ ተማሪ የለም። ነርሷ ከሥራዋ አጠገብ መኖሯን ቀጥላለች። አከራዮችም ቢሆኑ ቤቱን እንደ ራሱ የሚይዝ፣ የማይለዋወጥ ተከራይ አግኝተዋል። ከተማ የሚጸናው ሰው ሲረጋ ነው።

ባለፈው ሰሞን ሰፊውን ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

“ወዴት ነው?” አልኳቸው።

“ልጄ ዘንድ። ‘መጋረጃ ልስፋልሽ’ ስላት ‘መስኮቱ ይለወጣል፣ ተወው አባዬ’ ነበር መልሷ። ዛሬ ራሷ ደውላ ‘ና ለካልኝ’ አለችኝ!” አሉና እንደ ጎረምሳ እየተጣደፉ አለፉኝ።